ከጣና ውሃ ዝቅ ያለው ተራራ

  

ከአንባቢያን ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል በየጊዜው የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጃችን ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ልውጣ፣ በረሃ ልይ ይለናል፤ እንፍቀድለት ወይስ እንከልክለው?» የሚል ነው። እናቶች ሳይወስኑ ይጠይቁናል። አባቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከከለከሉ በኋላ ነው የሚጠይቁን። ጉዳዩ እኛ ፈትዋ የምንሰጥበት አይደለም። ይሁን እንጂ ከዓመታት በፊት በአንድ ነፋሻ ሌሊት በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር አለና ዛሬ እሱን እንዳለ እናቅርበው። የእኛ ጥፋት የቱ ጋ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያገኘዋል፤ ለመደበቅ አንሞክርም።

እኛ የኮላ ድባ ሰዎች ነን። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ከተማችንን በደምቢያ ሜዳ መካከል ያገኛታል። አንዳንዱ «ቆላ ድባ» ብሎ ይጽፋታል። ስሟ ቆላ ይባል እንጂ እውነተኛውን ቆላ ያየነው ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው። የጣና ሐይቅ የውሃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ነው፤ ከተማችን ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። በአፋር በረሃ የሚገኘው የኤርታሌ ተራራ ጫፍ ግን 613 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በጥር 2008 ዓ.ም. ተራራ እንወጣለን ብለን ከቤት ስንነሳ በእርግጥ የምንሄደው ቁልቁል ነበር። የምንወጣው ጫፍ ከጣና ውሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ለእህታችን ብንነግራት፣ «ታዲያ ምን ብለው ተራራ ይሉታል? ጉድጓድ ነው እንጂ!» አለችን።

እህታችን የሳቀችው ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። የጉዞው ሐሳብ የልጇ ነበር። ልጁ ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ፈተና ጨርሶ ለእረፍት የመጣ የ19 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ወደ አኺራ ከሄደ ጀምሮ ከእናቱ ቀጥሎ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። የባለቤታችን ወንድም የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ሐሳቡን ገና ከመስማቱ ካርታ ዘረጋ። የ17 ዓመት ልጃችንም «እኔስ?» አለች፤ እሷን ትቶ መሄድ የሚቻል አልሆነም። በዚህ መልክ አራት ሆንን።

እህታችን የፈራችው በከንቱ አልነበረም። በጥር 2004 ዓ.ም. እዚያው ኤርታሌ ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጣቂዎች መገደላቸውን በሬዲዮ ሰምታ አልረሳችውም። «ወንድም ጋሼ፣ አደራዬን ይዘው ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለችን። ከዚያ ወዲህ ወታደር አብሮ እንደሚሄድ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ እንደሚመለስ አስረዳናት። ስለ ታጣቂ ጠየቀችን፣ ስለ ታጣቂ መለስንላት። ሌላውን ጥያቄ እሷም አላነሳችው፣ እኛም አላነሳነው።

ያን ጊዜ ወደ ኤርታሌ የሚኬደው በመቀሌ በኩል ነበር። ከጎንደር በደባርቅ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት፣ በሽሬና በአክሱም አድርገን በአውቶቡስ ሄድን። ከውቅሮ በፊት ነጃሺ ላይ ወርደን ሁለት ረከዓ ሰገድን። ልጆቹ ስለ መጀመሪያው ሂጅራ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ያደጉ ቢሆኑም ቦታው ላይ ሲቆሙ ዝም አሉ። ያ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደረሰበት። ያን ዕለት ያነሳነውን ፎቶግራፍ ዛሬ የምናየው በሌላ ስሜት ነው።

መቀሌ ላይ ከአስጎብኚው ቢሮ አንድ ቅጽ ተሰጠን። የልብ በሽታ፣ የደም ግፊት፣ አስም፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ካለ እንዲያስታውቅ የሚል ነው። ልጆቹ ውጭ ዳቦ እየገዙ ነበር። እኛ ቁጭ ብለን ለአራታችንም «የለም፣ የለም፣ የለም» እያልን ሞልተን ፈረምን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ለሌላ ሰው የጤና ጥያቄ እሱን ሳይጠይቁ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብንበትም። ቤተሰብ ነን፣ እናውቃለን፤ ይህ ነበር አስተሳሰባችን።

ከመቀሌ ቁልቁል አብአላን አልፈን ወደ በረሃው ገባን። መምህሩ በመኪናው ውስጥ ትምህርቱን ጀመረ። ኤርታሌ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት እንደሆነ፣ በጫፉ ላይ ያለው የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከሆኑት አንዱ እንደሆነ፣ ሃሩን ታዚየፍ የሚባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ መጥቶ እንዳጠናው ነገረን። ምድር እዚያ ቦታ ላይ እየተላቀቀች ነው፤ የዓረቢያ ልሳነ ምድር ወደ አንድ ወገን፣ አፍሪካም ወደ ሌላ ወገን በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ። በአካባቢው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርዱ ቦታዎች አሉ። የእህታችን ልጅ በመስኮቱ ያያል እንጂ ብዙም አይናገርም። አልፎ አልፎ ይስል ነበር። አቧራው ነው አልን።

ነፋሱ የጀመረን ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ጣና ላይ ከቀትር በኋላ የሚነሳውን ነፋስ የደምቢያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታንኳ የሚሠሩትና የሚቀዝፉት የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን በማለዳ ተነስተው ነፋሱ ሳይቀድማቸው መሻገር የለመዱ ናቸው። በልጅነታችን ጎርጎራ ላይ ከእነሱ ጋር ስንውል አንድ ሽማግሌ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ወደ ላይ ሲያነሳ እናይ ነበር። ነገር ግን የጣና ነፋስ እርጥብ ነው፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ደስ ይላል። የዚህኛው አመጣጥ ለየት ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው ጥቁር ድንጋይና አሸዋ አየሩን ወደ ላይ ሲያሰናብተው ሌላ አየር በቦታው ለመግባት ይሽቀዳደማል። የመኪናው መስተዋት ላይ የሚወርደው አሸዋ እንደ ማሽላ ቆሎ ይንጣጣ ነበር።

ዶዶም የምትባለው የተራራው ግርጌ ሰፈር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ወጥ ሠሪው ምድጃውን በድንጋይ ከልሎ ሩዝ ሊቀቅል ይታገላል፤ ነበልባሉ ግን ተጋድሞ ድስቱን አልነካ አለ። ያን ማታ የበላነው ግማሹ ሩዝ ግማሹ አሸዋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከእኛ ጋር የመጡት ፈረንጆች ሳህናቸውን በሻሽ ሸፍነው ሲበሉ አይተን እኛም እንዲሁ አደረግን።

ውሃው ለመጠጥ የተሰፈረ በመሆኑ ተየሙም አድርገን መግሪብና ዒሻን አቆራኝተን ልንሰግድ ቆምን። እኛ ከፊት ሆነን በቤታችን እንደለመድነው ወደ ሰሜን ዞረን ወደ ቀኝ ትንሽ አዘነበልን። ተክቢራ ልናደርግ እጃችንን ስናነሳ አንድ ሰው ትከሻችንን ይዞ ወደ ግራ መለሰን። አፋሩ መሪያችን ነው። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጊሌውን በወገቡ የሻጠ ቀጭን ሰው ነው። መምህሩ በኋላ ካርታውን አውጥቶ ሲያሰላው ሰውየው ትክክል ነበር። ከኮላ ድባ ሲታይ መካ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ጋደል ትላለች፤ ከኤርታሌ ግን ከሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ነች፤ እኛ በረሃውን ወደ ምሥራቅ ስናቋርጥ ቂብላችን ዞሯል ማለት ነው። የአገራችንን አቅጣጫ በሰው አገር ይዘን ልንሰግድ ነበር። ሰውየው ቃል ሳይናገር አስተካክሎን ከኋላችን ተሰልፎ ሰገደ።

ሦስት ሆነው መንገድ የሚወጡ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን ስለምናውቅ ከቤት ስንነሳ በዕድሜ የምንበልጠው እኛ አሚር ሆነን ነበር። ሹመታችን እስከ ዶዶም ሠራ። ከዚያ በላይ ግን ማን እንደሚያዝ ሳንነጋገር ተስማማን።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ መንገድ ጀመርን። በቀን ሙቀቱ ስለማይቻል ጉዞው በሌሊት ነው። ፍራሽና ውሃ፣ የእኛም ሻንጣዎች በግመል ተጫኑ። እስከ ጫፉ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያስኬዳል ተባልን። ተራራው እንደ ሰሜን ተራሮች ገደልና ቋጥኝ ያለው አይደለም። ድፍት ያለ አክንባሎ ነው የሚመስለው፤ ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ሽቅብ መውጣትህን የምታውቀው በጉልበትህ ብቻ ነው። መንገዱን አስቸጋሪ ያደረገው ነፋሱ ነበር። ከቀኝ ትከሻችን በኩል ይመጣና ገፍቶ ከመንገድ ያስወጣናል። ስንደገፈው ደግሞ በድንገት ያቆምና ሚዛናችንን እናጣለን። በግንባራችን ያሰርነው ባትሪ የሚያሳየን በብርሃኑ ውስጥ የሚበረውን አሸዋ እንጂ መንገዱን አይደለም። ከፊት ያለው ሰው ጮኾ ቢናገር ከኋላ ያለው አይሰማም።

ስለ ልጃችን አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ደስ አይለንም። ጎረቤቶቻችን «ሴት ልጅ በሒጃብ እንዴት አድርጋ በረሃ ትወጣለች?» ብለው ነበር። ያን ሌሊት ፈረንጆቹም ወንዶቹም ፊታቸውን የሚሸፍኑበት ጨርቅ ፍለጋ ሲራወጡ እሷ ሒጃቧን አጥብቃ አስራ በላዩ ጃኬት ደርባ ከሁላችን በተሻለ ሁኔታ ትሄድ ነበር።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ከላይ የሚወርድ አንድ ባለ ግመል አገኘን። መሪያችን ቆመ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወሬ ጀመሩ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነው፤ በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ የሚለዋወጡበት የቆየ ሥርዓት። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው እያረጋገጠ ይሰማል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ነፋሱ እየገረፈን አሥር ደቂቃ ስለቆምን አንድ ፈረንጅ ተነጫነጨ፤ እኛም በልባችን ተነጫነጭን። ወሬው ሲያልቅ ወጥ ሠሪው ተረጎመልን። ከታች ነፋሱ የሚመታን ከጎን ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ይዞራል፤ ጭሱን ጎብኚዎች በሚሄዱበት በኩል አጋድሞታል፤ ባለ ግመሉ ራሱ በሌላ ወገን ዞሮ ነው የወረደው። መሪያችን ጫፉ ከደረስን በኋላ እሱ ካላለ በቀር ማንም ወደ እሳቱ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ አዘዘ።

የእህታችን ልጅ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ቆመን ጠበቅነው። «ምን ሆንክ?» ስንለው «ጫማዬ ነው» አለ። በሁለተኛው ጊዜ ልጃችን ፊቱን በባትሪዋ አይታ ወደ እኛ ዞረች፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። እኛም አላጠያየቅናትም። ሰማዩ ከፊታችን ቀልቶ ስለነበር ዓይናችንም ልባችንም እዚያ ነበር። እውነቱ ይህ ነው።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ላይ ደረስን። ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ አለ፤ በሜዳው ላይ የበረደ ጥቁር ድንጋይ እንደ ደረቀ አረንቋ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የእሳቱ ጉድጓድ ነው። እሳቱን ራሱን አላየነውም፤ ያየነው የጭሱን ሆድ ከታች የሚያቀላውን ብርሃኑን ነው። ጭሱ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ነፋሱ በአንገቱ ይዞ መሬት ላይ ያስተኛዋል።

ልክ ያን ጊዜ ነፋሱ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ሁላችንም «እፎይ» አልን። ከዚያ ከማይጠበቅበት ወገን ተመልሶ መጣ፤ ጭሱም አብሮት መጣ። ሽታው ብዙ ክብሪት በአንድ ጊዜ እንደተለኮሰ ነው። ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። ሁላችንም ሳልን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሌላው ሰው ሳል ቆመ፤ የእህታችን ልጅ ግን አላቆመም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከደረቱ የሚወጣው ድምፅ እንደ ፉጨት ነው። አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም።

«መድኃኒቱ ግመሉ ላይ ነው!» ብላ ልጃችን ጮኸች።

የቱ መድኃኒት? ለእኛ የመጀመሪያ ወሬ ነበር። የአስም መርጫ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ወር ሐኪም አዝዞለታል። እሷ ያወቀችው አክሱም ባደርንበት ሌሊት ሲጠቀም አይታው ነው፤ ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። ኪሱ ውስጥ ቢያደርገው እናየዋለን ብሎ ከሻንጣው ሥር ቀብሮ ከሻንጣው ጋር ግመል ላይ ጭኖታል። ግመሎቹ ደግሞ በነፋሱ ምክንያት ከእኛ ኋላ ቀርተዋል።

መሪያችን ምንም አልጠየቀም። ልጁን በብብቱ ይዞ ከጠርዙ ወደ ኋላ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ወሰደውና ከዝቅተኛዎቹ የድንጋይ ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ ቁጭ አደረገው። ሻሹን በመጠጥ ውሃ አርሶ አፉና አፍንጫው ላይ አኖረለት። ልጃችንና አንድ ወታደር በመጣንበት መንገድ ወደ ግመሎቹ ሮጡ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ብንጠየቅ መናገር አንችልም፤ መምህሩ ሃያ ደቂቃ ነው ይላል። ለእኛ ግን እህታችን በር ላይ ቆማ የተናገረችውን ቃል አንድ በአንድ ለማስታወስ የሚበቃ ጊዜ ነበር። እጁን ይዘን ከዱዓ በቀር ሌላ የምናደርገው አልነበረንም። መሪው ልጁ እንዳይተኛ በጀርባው ደግፎት ተቀምጦ በአፋርኛ ቀስ እያለ ያወራው ነበር። ልጁ ቋንቋውን አያውቅም፤ ቢሆንም አተነፋፈሱን ከሰውየው ንግግር ጋር ሊያስማማ ሲሞክር አየን።

መርጫው መጣ። ሳልቡታሞል የሚባለው የተለመደው መድኃኒት ነው። ጥቂት ጊዜ ከሳበው በኋላ ፉጨቱ እየቀነሰ ሄደ። በኋላ ሐኪም እንዳስረዳን ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ አስም የሌለበትን ሰው በሚያስለው መጠን ላይ ሳይደርስ የአስም ሕመምተኛውን የአየር ቧንቧ ያጠብበዋል። ስለዚህ ጓደኞቹ ደህና ሆነው ሲያይ «እኔም እችላለሁ» ብሎ መገመቱ ለእሱ ዓይነት ሰው መለኪያ አይሆነውም።

መሪው ልጁ አሁኑኑ ይውረድ አለ። ከእሱ ጋር አንድ ሌላ አፋርና አንድ ወታደር፣ እኛም አብረን። እዚህ ላይ የምንናገረው የሚያሳፍር ነው። ልጁ ገና ከንፈሩ ወደ ቀለሙ ሲመለስ እኛ ወጥ ሠሪውን፣ «እኛ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እሳቱን አይተን ብንመለስስ?» ብለን እንዲጠይቅልን ለመንነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን ትንሽ እርምጃ ሲቀረን! መሪው አየንና አጭር ነገር ተናገረ። ወጥ ሠሪው ተረጎመልን፤ «እሳቱ ነገም አለ ይላል።»

በሌሊት ወረድን። ልጁ በግመል፣ እኛ በእግር። ነፋሱ አሁን በጀርባችን ነበር። ነፋስን መስደብ እንደማይገባ፣ ይልቁንም ከመልካሙ አላህን ለምኖ ከክፉው በእሱ መጠበቅ እንደሚገባ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት እናውቃለን። ያን ሌሊት ምላሳችንን ከነፋሱ ላይ ብናነሳም የምንወቅሰው አላጣንም። መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ እናቱን፣ ቀጥሎ ልጃችንን ወቀስን። ዶዶም ልንደርስ ስንል የመቀሌው ቅጽ ትዝ አለን።

መምህሩና ልጃችን ከቀሩት ጎብኚዎች ጋር ጫፉ ላይ አደሩ። ሱብሒ ሲቃረብ ነፋሱ ጭሱን ወደ አንድ ወገን ስለያዘው መሪው በሌላው በኩል አዙሮ ወሰዳቸው። ስለዚህ የእሳቱን ሐይቅ የምንተርክላችሁ በልጃችን ዓይን ነው። ጥቁር ቅርፊት ከላይ ይጋገራል አለች፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና በስንጥቁ ውስጥ ቀይ መስመር እንደ እባብ ይሮጣል፤ ዳር ዳሩ ላይ እየፈላ ይዘላል። ድምፁ የባሕር ዳርቻን ማዕበል ይመስላል። ከሁሉ የገረማት ግን በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ የተሰገሰገ ወርቃማ ፀጉር ነው። መሪው እጇን ይዞ አስቆማት። ፀጉር አይደለም፤ ብርጭቆ ነው። የቀለጠው ድንጋይ ጠብታ ወደ ላይ ሲረጭ ነፋሱ በአየር ላይ ስቦ ያቀጥነዋል፣ እንደ ክርም አድርጎ ይጥለዋል። ነፋስ በበረታ ቁጥር ርቆ ይሄዳል። ቆዳ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። በሃዋይ ደሴት ሰዎች ዘንድም ይህ ነገር የታወቀ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አምላካቸው ስም «የፔሌ ፀጉር» ይሉታል።

እነሱ ያን እያዩ ሳለ እኛና የእህታችን ልጅ ዶዶም ላይ ሱብሒን ሰግደን በድንጋይ ከለላ ሥር ሻይ እንጠጣ ነበር። ለመገሠጽ የተዘጋጀ ብዙ ቃል ነበረን። «ለምን ደበቅኸን? ብትሞትብን ለእናትህ ምን ልንል ነበር?» አልነው። ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ቆየ።

«አጎቴ፣ ብናገር ኖሮ ይወስዱኝ ነበር?» አለን።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ጥያቄ መልስ ልጁ ያውቀዋል፤ እኛም እናውቀዋለን። አንወስደውም ነበር። እንዲያውም ጉዞውን መከልከል ብቻ አይበቃንም፤ «አስም አለበት» ብለን ለዘመድ አዝማድ እንነግራለን፤ ነገ ሚስት ሲያጭ በሽምግልናው ላይ ይነሳል። በየቤታችን በሽታን እንደ ነውር የምንይዘው ወላጆች ነን፤ ከዚያ ልጅ ደበቀን ብለን እንቆጣለን። እውነት ለተናገረ ልጅ ቅጣቱ መቅረት ከሆነ፣ ለዋሸው ደግሞ ሽልማቱ መሄድ ከሆነ፣ የ19 ዓመት ወጣት የትኛውን ይመርጣል? ከዚህ በፊት እንዲህ አስበነው አናውቅም። መልሱን ያገኘነው ከልጁ ሳይሆን ከራሳችን ዝምታ ነው፤ ሻዩ እስኪበርድ ድረስ የምንለው አጣን።

በኋላ ለሐኪሙ ጉዳዩን ስናጫውተው የተናገረው ደግሞ ሌላ ነው። መርጫው ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ መሪው አስቀድሞ ያወቀ ቢሆን፣ ልጁም ከጠርዙ ራቅ ብሎ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን እንዲቀመጥ ቢደረግ ኖሮ ምናልባት ጉዞው ያለ ብዙ ችግር ይጠናቀቅ ነበር አለን። ጭስ ወዳለበት ተራራ ባይሄድ እንደሚመርጥም አልደበቀንም። ብቻ ሰው አስም ስላለበት ከቤት አይወጣም ማለት እንዳልሆነ አጠንክሮ ነገረን። እኛ የምናውቃቸው መልሶች ግን «ይሂድ» እና «አይሂድ» የሚሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ኮላ ድባ ስንመለስ ለእህታችን ሁሉንም ነገርናት። አልጮኸችም። በልጅነቱ የጤፍ ውቂያ ሰሞን ገለባው ሲነሳ ልጁ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ እንደሚያድር፣ እሷም «ብርድ ነው» እያለች በላዩ ጋቢ እንደምትደርብ አጫወተችን። «ብርድ አለመሆኑንማ አውቅ ነበር» አለች። ከእኛ ጋር ለሦስት ወር ያህል በቅጡ አላወራችም። ልጃችንም ምሏት ከነበረው ምስጢር የተነሳ ለረጅም ጊዜ ስታዝን ቆየች። ዛሬም ስለዚያ ጉዞ ሲነሳ እሳቱን ማየቷን አታወራም፤ በመንገዱ አጋማሽ ላይ አፏን ከፍታ የተወችውን ነው የምታነሳው።

መሪያችን «እሳቱ ነገም አለ» ቢለንም በዓመቱ፣ በጥር 2009 ዓ.ም. ሐይቁ ሞልቶ ከጉድጓዱ ፈሰሰ፤ ከዚያ በተራራው ጎን ሌላ ስንጥቅ ተከፍቶ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ በዚያ በኩል ስለሄደ ሐይቁ ወደ ታች ሰመጠ። ከዚያ በኋላ የሄዱ ሰዎች ለብዙ ጊዜ ያዩት ጭስ ብቻ እንደነበር ነግረውናል። ስለዚህ እኛ ያመለጠንን ነገር ዳግመኛ አላገኘነውም። አንዳንድ ቀን ይቆጨናል፤ አይቆጨንም ብንል ውሸት ነው።

ኤርታሌ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንደገና ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከእሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያለው፣ በታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ የተባለው ጎረቤቱ ተነሳ። አመዱ ወደ ሰማይ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ነፋሱ ተቀብሎት ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ወሰደው፤ በሕንድ የአውሮፕላን በረራዎች ተሰረዙ። አፍዴራ ላይ የወደቀው አመድ ግን የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ሸፈነው። ያን መሪያችንን ያሰብነው ያን ጊዜ ነው። በሕይወት ካለ ዕድሜው ሰባ ደርሷል፤ ፍየሎቹ የሚበሉት አግኝተው ይሆን?

በዚያ ሳምንት የእህታችን ልጅ ከሚሠራበት ከተማ ስልክ ደወለ። ዛሬ ትዳር ይዟል፤ ስለ አስሙ ለሚስቱ ቤተሰብ ገና ሽማግሌ ሲላክ ነው ያስነገረው፤ አንድም ሰው ቅር አላለውም። ሰላምታ እንኳ በደንብ ሳንጨርስ፣

«አጎቴ፣ ነፋሱ ወደ የት ነው?» አለን።

«ወደ ባሕሩ ነው ይላሉ፤ ወደ እኛ አይመጣም» አልነው።

«አልሐምዱሊላህ። ለማንኛውም እናቴ ሰሞኑን መስኮት እንዳትከፍት ይንገሯት። እሷም ማታ ማታ ትስላለች፤ ስጠይቃት ‹ብርድ ነው› ትለኛለች።»

ያን ዕለት ማታ ወደ እህታችን ቤት ሄድን። በሚቀጥለው ሳምንትም ጎንደር ወስደን አስመረመርናት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።